የአዳም እንቅልፍና የሶምሶን እናት ጥንቃቄ

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ሕዝቡ ከቅዳሴ ወጥቶ ወደየቤቱ ሲበተን፣ በተክሊል ካገባች ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቷት ልጅ ሳታቅፍ የኖረች አንዲት የቅርብ ዘመዴ ከኋላዬ ተከትላ ወደ ቤቴ ገባችና፣ ነጠላዋን እንኳ ከራስዋ ሳታወርድ፣ በሩ አጠገብ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ስለ አየሩም ስለ ኑሮውም ጥቂት ስንጫወት ቆየን፤ ሲኒው እጇ ከገባ በኋላ ግን ዐይኗን ከሲኒው ሳታነሣ፣ «ጋሼ፣ በሚመጣው ሳምንት ሐኪሞቹ እንቁላሉን ከውስጤ ሊወስዱልኝ ነው፤ ያን ጊዜ የሚያስተኛ መድኃኒት ይሰጡኛል። እኔስ ተኝቼ እነሣለሁ፤ ያ ገና ያልተፈጠረው ልጅ ግን አብሮኝ ይተኛ ይሆን? ተኝቶስ ባይነሣ?» አለችኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እርሷም ይህን ታውቃለች። ሐኪሞቹን ጠይቃ «ችግር የለውም፣ አታስቢ» የሚል መልስ ተሰጥቷት ነበር፤ ነገር ግን ዐሥራ አንድ ዓመት በስእለትና በጸበል፣ በምርመራና በቀጠሮ ስትመላለስ ለኖረች ሴት «አታስቢ» ማለት ቀላል ነው፤ ከባዱ አብሯት ማሰብ ነው። በዚያ ቀን የሰጠኋት መልስ አጥጋቢ አልነበረም፤ ከዚያ ወዲህ መጻሕፍትን ገልጬ፣ የሚያውቁትንም ጠይቄ ያሰብሁትን በዚህ እጽፋለሁ። ጥያቄዋ በመልኩ የመድኃኒት ጥያቄ ይምሰል እንጂ በግብሩ ከሃይማኖትና ከፍልስፍና ወገን ነው፤ ይኸውም፦ ገና ላልሆነ፣ ነገር ግን ሊሆን ለተዘጋጀ ሰው ምን ዓይነት ጥንቃቄ ይገባዋል? ያም ጥንቃቄ ዛሬ ባለችውና ሕመም በሚሰማት እናት ላይ እስከ ምን ድረስ ሊጫን ይችላል? የሚል ነው።

አስቀድሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ መናገር ይገባል። ሴቲቱ ለዐሥር ቀን ያህል ወይም ከዚያ ለሚበልጥ ጊዜ እንቁላል የሚያሳድግ መርፌ ከተወጋች በኋላ የማብሰያው የመጨረሻ መርፌ ይሰጣታል፤ ከዚህም መርፌ በኋላ ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ እንቁላሎቹ በስለው ከማኅደራቸው ከመውጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ወደ ክፍሉ ትገባለች። በክንዷ የደም ሥር ላይ ቀጭን ቱቦ ይተከልና በእርሱ እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ቀስ እያለ ይወርዳል። ይህ ፕሮፖፎል የሚባለው ማደንዘዣ ነው፤ የነጣውም መድኃኒቱ ከውኃ ጋር የማይስማማ በመሆኑ ከአኩሪ አተር ዘይትና ከዶሮ እንቁላል አስኳል በተገኘ ቅባት ተበጥብጦ ስለሚዘጋጅ ነው። ከእርሱም ጋር ሕመምን የሚያስታግሰው ፌንታኒል፣ ፍርሃትንና ትዝታን የሚያደበዝዘው ሚዳዞላም በየመጠናቸው ሊጨመሩ ይችላሉ። ዐይኗ ከተከደነ በኋላ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመለከተ ረጅምና ቀጭን መርፌ በብልት ግድግዳ አሳልፎ እንቁላል ወደሚበስልበት ብልት ያደርስና፣ በዚያ ያሉትን ፈሳሽ የቋጠሩ ትንንሽ ከረጢቶች አንድ በአንድ እየመጠጠ፣ የመጠጠውን ሙቀቱ በተጠበቀ ቱቦ ተቀብሎ ወደ ጎረቤት ክፍል ያስተላልፋል። በዚያ ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሰው ባለሙያ፣ የአንድ ሚሊ ሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል የምትሆነውን እንቁላል ከፈሳሹ መካከል ፈልጎ ሲያገኝ፣ «አንድ»፣ «ሁለት» እያለ ቍጥሯን ጮክ ብሎ ይናገራል። ይህ ሁሉ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም።

በዚያች ሰዓት እንቁላሏ ያለችበት ሁኔታ ሲታሰብ የዘመዴ ጥያቄ የየዋህ ጥያቄ አለመሆኑ ይታወቃል። ባሕርይን ከወላጅ ወደ ልጅ የሚያወርሱት ክሮሞሶሞች እንደ ሸማኔ ድር በተወጠሩ ቀጫጭን ክሮች መካከል ተሰልፈው፣ ሁለተኛውን ክፍፍል ጀምረው በመንገድ ላይ ቆመው፣ የወንዱን ዘር መምጣት ይጠባበቃሉ። ዘሩ በገባ ጊዜ የቆመው ሥራ ይቀጥላል፤ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ባለው ጊዜ ከእናትና ከአባት የመጡት ሁለት ኒውክሊየሶች ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ፤ በሁለተኛው ቀን አራት ሕዋሳት፣ በሦስተኛው ቀን ስምንት ይሆናሉ፤ በአምስተኛውም ቀን ሽሉ በውስጡ ፈሳሽ የቋጠረ የሕዋሳት ኳስ ይመስላል። ለእናቲቱ አንጎል እንቅልፍን የሚያደርሰው ደም ያንኑ መድኃኒት እንቁላሏ ወደ ተከበበችበት ፈሳሽም ያደርሰዋል፤ ተመራማሪዎች ከከረጢቶቹ የተቀዳውን ፈሳሽ ሲመረምሩ ፕሮፖፎልን በውስጡ አግኝተዋል፤ ሥራው በረዘመ መጠንም ወደ ኋላ በሚቀዱት ከረጢቶች ውስጥ መጠኑ ከፍ እንደሚል አይተዋል። እንግዲህ የእናቲቱ እንቅልፍ እስከ እንቁላሏ ደጅ ድረስ መድረሱ እርግጥ ነው። ጥያቄው ደጁን አልፎ ይገባል ወይ፣ ገብቶስ ይጎዳል ወይ የሚለው ነው።

ስለ እንቅልፍና ስለ አዲስ ፍጥረት መገኘት የተጻፈው የመጀመሪያው ታሪክ በኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ይገኛል። እግዚአብሔር ሔዋንን ከአዳም ጎን ሊያስገኝ በወደደ ጊዜ አስቀድሞ አዳምን በጽኑ እንቅልፍ እንዳስተኛው፣ ጎኑንም ከፍቶ መልሶ የዘጋው ተኝቶ ሳለ እንደ ሆነ እናነባለን። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የአዳምን እንቅልፍ የክርስቶስ ሞት፣ የጎኑንም መከፈት በመስቀል ላይ የተወጋው ጎን ምሳሌ አድርገው ያመሠጥሩታል። በኤዲንብራ ከተማ የወሊድ ሕክምና መምህር የነበረው ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ግን በ1847 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑን የምጠቅሰው፣ ለይቼ ካልገለጽሁ በቀር፣ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) ይህንኑ ንባብ ለሌላ ክርክር ጠራው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ኤተርን፣ በዓመቱም መጨረሻ ክሎሮፎርምን በምጥ ለተያዙ ሴቶች ሰጥቶ ስለ ነበረ፣ ምጥ በሔዋን ላይ የተፈረደ ፍርድ ነውና እርሱን ማስታገሥ ትእዛዝን መቃወም ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡበት፤ እርሱም በጻፈው ትንሽ መጽሐፍ፣ ሥጋ ከመከፈቱ በፊት ማስተኛትን ያስቀደመ ራሱ ፈጣሪ መሆኑን አንሥቶ መለሰላቸው። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1853፣ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ልዑል ሊዮፖልድን ስትወልድ ጆን ስኖው ከተባለው ሐኪም እጅ ክሎሮፎርም ተቀበለች፤ ከዚያም ወዲህ የተቃዋሚው ድምፅ እየሰለለ ሄደ።

እኔም በዚህ ከሲምፕሰን ጋር ነኝ። የሴትን ሕመም በከንቱ ማስረዘም የጽድቅ ሥራ የሚመስለው ሰው፣ ራሱ ጥርሱን ሲነቀል ማደንዘዣውን እንደማይመልስ እናውቃለንና። ነገር ግን የሲምፕሰን ማስረጃ ምሕረትን ለመፍቀድ ይበቃል እንጂ ጥንቃቄን ለማሰናበት አይበቃም። አዳምን ያስተኛው እርሱ የተኛውንም፣ ከተኛው ጎን የምትገኘውንም፣ የእንቅልፉንም ልክ አስቀድሞ የሚያውቅ ነበር፤ እኛ ግን የተኛችውን በደም ግፊቷና በትንፋሿ እንጠብቃታለን እንጂ ከእርሷ ሊገኝ ያለውን አናውቀውም። ስለዚህ ከአዳም እንቅልፍ አጠገብ ሌላ ንባብ ማኖር ያስፈልጋል።

ያ ንባብ በመጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 13 ያለው ነው። የማኑሄ ሚስት መካን ነበረች፤ ስሟም አልተጻፈም። መልአኩ ተገልጦ ልጅ እንደምትወልድ ባበሠራት ጊዜ፣ ከዚያች ሰዓት ጀምራ ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ ሁሉ እንድትጠበቅ አዘዛት፤ ለእግዚአብሔር የሚለየው ልጁ ሲሆን እንድትከለከል የታዘዘችው እናቲቱ ናት። ባልዋ ማኑሄም መልአኩ ዳግመኛ እንዲመጣ ለምኖ ስለ ልጁ ሥርዐት ሲጠይቅ፣ የተሰጠው መልስ ያው የእናቲቱ ጥንቃቄ ሆነ። ንባቡን ቀስ ብሎ ለሚመለከተው ሰው ሁለት ነገር ይታየዋል። አንደኛው፣ ለልጅ የሚደረገው ጥንቃቄ ልጁ ከመኖሩ አስቀድሞ እንደሚጀምር ነው፤ ሶምሶን ገና በማኅፀን ሳይኖር በእርሱ ምክንያት ጽዋ ከእናቱ እጅ ተወሰደ። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ መልአኩ ከሚያሰክር መጠጥ ተጠበቂ አላት እንጂ ሕመምን ታገሺ አላላትም። ከእርሷ የተወሰደው የማያስፈልጋት ነገር ነበር፤ የሚያስፈልጋት ነገር አልተወሰደባትም። አንዱ ንባብ እንዲምር፣ ሁለተኛው እንዲጠነቀቅ ያስተምራል፤ አስተዋይ ሰው ሁለቱን አስማምቶ ይይዛል፤ አንዱን ብቻ ይዞ የሮጠ ግን ወይ ጨካኝ ይሆናል፣ ወይ ቸልተኛ።

ሁለተኛውን ንባብ የረሳ ዘመን ምን እንደ ደረሰበት በአባቶቻችን ዕድሜ ታይቷል። በ1957 በምዕራብ ጀርመን ኬሚ ግሩነንታል የተባለው የመድኃኒት ፋብሪካ ታሊዶማይድ የተባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ መድኃኒት ኮንተርጋን በሚል ስም ለገበያ አወጣ። መድኃኒቱ ጉዳት የለበትም የተባለበት ዋናው ማስረጃ፣ ለአይጦች የቱንም ያህል ቢሰጣቸው የሚገድላቸው መጠን አለመገኘቱ ነበር፤ ስለዚህም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተሸጠ፣ የእርግዝና ማቅለሽለሽ የያዛቸው ሴቶችም በየማለዳው ዋጡት። ከአርባ በሚበልጡ አገሮችም ተዳረሰ። በ1961 መጨረሻ በሐምቡርግ ዊዱኪንድ ሌንትስ፣ በአውስትራሊያ ዊልያም ማክብራይድ፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ እጅና እግራቸው ሳይሠራ የሚወለዱትን ሕፃናት ከዚህ መድኃኒት ጋር አገናኝተው ጮኹ፤ መድኃኒቱም ከገበያ ተነሣ። እስከዚያው ድረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 10,000 የሚጠጉ፣ ምናልባትም የሚበልጡ ሕፃናት ተጎድተው ተወልደዋል፤ ብዙዎቹም በሕፃንነት ሞተዋል። ጉዳቱ የሚደርስባት ጊዜ ከጽንሰት ከ20ኛው እስከ 36ኛው ቀን ግድም ያለችው አጭር ወቅት ስትሆን፣ በዚያች ወቅት ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ በቅጡ አያውቁም። እናቲቱ በሰላም ተኝታ በሰላም ነቃች፤ የታመመው ሌላው ነበር።

በዚያው ጊዜ በአሜሪካ ፍራንሲስ ኬልሲ የተባለች ሐኪም በ1960 የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሥራ ጀምራ፣ ይህ መድኃኒት እንዲፈቀድ የቀረበው ማመልከቻ ገና ሥራ እንደ ያዘች ጠረጴዛዋ ላይ ደረሰ። ማመልከቻውን ያቀረበው ኩባንያ በስልክም በአካልም እየተመላለሰ ቢያስቸኵላትም፣ ማስረጃው አልበቃኝም እያለች ጊዜውን በተደጋጋሚ አራዘመችው። ለዚህ ጽናት አንድ የቈየ ትምህርት ነበራት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ስለ ኪኒን በጥንቸሎች ላይ በሠራችው ጥናት፣ እናቲቱ ጥንቸል መድኃኒቱን ስትሰባብረው በሆዷ ያለው ጽንስ ግን ይህን ማድረግ እንደማይችል አይታ ነበር። ስለዚህ ለእናት የሚሆን ለጽንስም ይሆናል የሚለው አባባል በቃል ብቻ ሊያሳምናት አልቻለም። በ1962 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሸለሟት፤ በዚያው ዓመትም አንድ መድኃኒት ከመሸጡ በፊት ከደኅንነቱ ሌላ መሥራቱንም የማስረዳት ሸክም በአምራቹ ላይ የሚጥል ሕግ ወጣ። የኬልሲን ሥራ በትሩፋት መዝገብ ብንጽፈው ስሙ ትዕግሥት ነው፤ አንዲት ሴት «ገና ነው» የምትለውን ቃል ሳትሰለች መላልሳ በመናገሯ እጅና እግራቸው ሙሉ ሆኖ የተወለዱ ሕፃናት ማን እንዳዳናቸው ሳያውቁ አደጉ።

ከዚህ ታሪክ ወደ ዘመዴ ጥያቄ ስመለስ ግን አንዱን መድኃኒት በሌላው መድኃኒት ኀጢአት መኰነን ፍትሕ እንዳልሆነ አምናለሁ። ታሊዶማይድ ብልት በሚሠራበት ወቅት ለቀናትና ለሳምንታት እየተደጋገመ ይወሰድ ነበር፤ ለእንቁላል ማውጣት የሚሰጠው ማደንዘዣ ግን አንድ ጊዜ፣ ለደቂቃዎች የሚሰጥ ነው፤ እንቁላሏም ከዚያ ፈሳሽ ወጥታ ታጥባ፣ መድኃኒቱ በሌለበት ንጹሕ መኖሪያ ፈሳሽ ውስጥ ትቀመጣለች፤ የወንዱ ዘር የሚገናኛትም ከሰዓታት በኋላ ነው። በቤተ ሙከራ የአይጥ እንቁላሎችን በፕሮፖፎል ውስጥ ነክረው ያዩ ሰዎች መጠኑ በበዛ ጊዜ የመጸነስና የማደግ ኀይላቸው እንደ ቀነሰ ጽፈዋል፤ በሰዎች ላይ በተደረጉት ጥናቶች ግን በአብዛኛው በማደንዘዣ በተወሰዱትና በሌላ መንገድ በተወሰዱት እንቁላሎች መካከል በጽንሰትም በእርግዝናም ግልጽ ልዩነት አልተገኘም። ኮክሬን የተባለው ማኅበር በ2018 ያደሰው የጥናቶች ምርመራም ከሕመም ማስታገሻ መንገዶች አንዱን ከሌላው አብልጦ ለመምረጥ የሚያበቃ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፦ ያን ጊዜ አይጥ «አይጎዳም» ብላ አታለለችን፤ ዛሬ ደግሞ አይጥ «ይጎዳል» እያለች ታስፈራራናለች። የጃፓን ተመራማሪዎች በ2010 ታሊዶማይድ የሚይዘው ሴሬብሎን የተባለውን ፕሮቲን መሆኑን ካሳዩ በኋላ፣ የአይጥ ሴሬብሎን ከሰው ጥቂት የተለየ ሆኖ በመገኘቱ ያቺ ማታለል ምክንያቷ ታወቀ። አይጥ በማስፈራራቷም በማጽናናቷም ነቢይ አይደለችም፤ ምስክርነቷን ሰምቶ መመዘን እንጂ በእርሷ ቃል ብቻ መፍረድ አይገባም።

እንግዲህ ወደ ሥሩ እንውረድ። ገና ላልሆነ ሰው ግዴታ አለብን ማለት ምን ማለት ነው? ደሪክ ፓርፊት የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ነገር በብርቱ ፈትኖታል። ሐሳቡን በእኛ ጉዳይ ላይ ብናውለው እንዲህ ይሆናል፦ አንዲት ሴት ዛሬ በሚሠራበት መድኃኒት ሳትስማማ የተሻለ እስኪገኝ አንድ ዓመት ብትቈይ፣ ያን ጊዜ የምትወልደው ልጅ ሌላ እንቁላል፣ ሌላ ሰው ነው፤ ስለዚህ ዛሬ የሚወለደው ልጅ ጥቂት ጉድለት ቢኖረው እንኳ «ብትቈዪልኝ ኖሮ» ሊላት አይችልም፤ ብትቈይ ኖሮ እርሱ አይኖርምና። ክርክሩ ብልህ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራበትን ድንበር እንይ። ለመቈየት ይሠራል፤ ለመጠን ግን አይሠራም። ያችው እንቁላል፣ በዚያችው ቀን፣ በብዙ መድኃኒትም በጥቂት መድኃኒትም፣ በግማሽ ሰዓትም በሩብ ሰዓትም ልትወሰድ ትችላለች፤ ከእርሷ የሚወለደውም ልጅ ያው አንድ ልጅ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ አድጎ «ለምን ከሚያስፈልገው በላይ ሰጣችኋት? ለምን አራዘማችሁት?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ፓርፊት ራሱ ከጠያቂው ወገን ይቆማል። ሴቲቱ ልጅ በመፈለጓ ወይም ባለመቈየቷ አትወቀስም፤ መጠኑንና ጊዜውን በእጁ የያዘው ሰው ግን ተጠያቂ ነው።

አበው ይህን በፍልስፍና ቃል አልተናገሩትም፤ መንገዱን ግን ያውቁት ነበር። ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነፍስ ከሥጋ ቀድማ ወይም ዘግይታ የምትመጣ ሳይሆን ሁለቱ አንድ መጀመሪያ እንዳላቸው አስተምሯል፤ ቅዱስ ባስልዮስም ብልቱ የተሠራውንና ገና ያልተሠራውን ጽንስ እየለየ ለአንዱ አስቦ ለሌላው ቸል የሚለውን አመለካከት አልተቀበለም። ቤተ ክርስቲያናችን ወንዱን በአርባ፣ ሴቲቱን በሰማንያ ቀን ስታጠምቅ፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ስለ አዳምና ስለ ሔዋን ወደ ገነት መግባት ከሚተርከው ቍጥር ጋር ታስማማዋለች፤ በዚህም የሰው ልጅ በአንድ ቅጽበት ሳይሆን በቀን በቀን እየተቈጠረ አቀባበል እንደሚደረግለት ታሳስበናለች። ያልጸነሰች እንቁላል ሰው ናት ያለ ማንም የለም፤ እኔም አልልም። ነገር ግን የአገሬ ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ለይቶ በደረቅ ቦታ ሲያኖረው፣ ከነቀዝም ሲጠብቀው፣ ቤተሰቡ ቢራብ እንኳ እጁን ሲሰበስብበት፣ ዘሩ ቡቃያ ነው ብሎ አይደለም፤ ዘሩን ዛሬ የጎዳ የመኸሩን እንጀራ እንደ ጎዳ ስለሚያውቅ ነው። ለእንቁላሏ የሚገባው ጥንቃቄ የዘር እህል ጥንቃቄ ነው፤ ያነሰም ቸልተኝነት፣ የበዛም ሴቲቱን የሚያስርብ ጭካኔ ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ምክንያት አለ። ሰው ሲበደል ይጮኻል፣ ይከሳል፣ ምስክር ይጠራል፤ ገና ያልሆነው ግን አይጮኽም፣ አይከስም፤ ቢጠፋ እንኳ የጠፋ መኖሩን የሚያውቅ አይገኝም። ከሰባት እንቁላል ሦስቱ ሳይጸነሱ ቢቀሩ፣ በመድኃኒት ይሁን በባሕርያቸው ድካም፣ ማንም ለይቶ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ «ጉዳት አልታየም» ማለትና «ጉዳት የለም» ማለት ሰፊ ልዩነት አላቸው፤ ዝም ያለ ሁሉ የተስማማ አይደለምና። የማይጮኸውን የሚጠብቅ ሕግ የማስረዳቱን ሸክም በሰጪው ላይ ያደርጋል፤ እንዲህ ያለ ሕግ በሌለበት ግን ሸክሙ በተጎጂው ላይ ይወድቃል። የታሊዶማይድ እናቶች ሐኪም ባዘዘላቸው ወይም ደኅና ነው ተብሎ በተሸጠላቸው መድኃኒት ምክንያት ጥፋቱን በራሳቸው ላይ እየጫኑ ዕድሜያቸውን ገፉ፤ ፋብሪካው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2012፣ መድኃኒቱ ከገበያ ከተነሣ ከኀምሳ ዓመት በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ስለ ጥንቃቄ የምንናገር ሁሉ ቃላችንን ወደማን እንደምናዞር ማወቅ አለብን፤ ወደ ሴቲቱ ካዞርነው ፍርሃት ይሆንባታል፤ ወደ ሰጪው ካዞርነው ግን ግዴታ ይሆናል።

ለዘመዴ የሰጠኋትን ሁለተኛ መልስ በዚሁ ሐሳብ አሳጠርሁላት። «ሕመሙን ታግሠሽ እንቢ እንድትዪ አልመክርሽም፤ መርፌው ሆድሽ ውስጥ ሳለ በሕመም ብትንቀሳቀሺ ያም አደጋ ነው፤ ሕመምሽን መሥዋዕት አድርገሽ እንድታቀርቢ ያዘዘሽም የለም። ሐኪሙን ግን ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የምትሰጡኝ መድኃኒት ምንድን ነው? ከሚያስፈልገው ትንሹ መጠን ስንት ነው? እኔ ተኝቼ ሳለሁ ትንፋሼን ብቻ የሚጠብቅ ሰው አለ ወይ? ይህን መጠየቅ አለማመን አይደለም፤ ድርሻሽ ነው» አልኋት። ጠየቀችም። በማክሰኞ ጠዋት ተኛች፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ነቃች፤ ሰባት እንቁላል ተገኘ፤ በማግሥቱ አራቱ መጸነሳቸውን በስልክ ነገሯት። እርሷም ደውላልኝ፣ «ጋሼ፣ አራቱ አብረውኝ አልተኙም» አለችና ሳቀች። ሰባትና አራት የአንዲት ሴት ቍጥር ናቸው እንጂ ማስረጃ አይደሉም፤ እኔም እንደ ማስረጃ አልጠቅሳቸውም።

ይህ ጥያቄ ከእንግዲህ የኤዲንብራ ወይም የሐምቡርግ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በኦልድሃም ከተማ በሐምሌ 1978 ልዊዝ ብራውን ከማኅፀን ውጪ በተደረገ ጽንሰት የመጀመሪያዋ ሆና ከተወለደች ወዲህ በዚሁ መንገድ የተወለዱት በዓለም ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል፤ በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. በመንግሥት ሆስፒታል የመጀመሪያ የሆነውን የዚህ ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ስለዚህ ይህ ሥራ በእጃችሁ ላለ ሐኪሞችና ባለሙያዎች ሁሉ፣ በመንግሥትም በግልም ቤት ላላችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። የሰጣችሁትን መድኃኒት ስም፣ መጠኑን፣ ከመጀመሪያው ጠብታ እስከ መጨረሻዋ እንቁላል ያለፈውን ደቂቃ ጻፉ፤ ከተጸነሱትና ካልተጸነሱት ቍጥር አጠገብም አኑሩት፤ ከተወለዱትም ልጆች መዝገብ ጋር አያይዙት። ገና ያልተወለደ መናገር አይችልም፤ ስለ እርሱ የሚናገርለት የእናንተ መዝገብ ብቻ ነውና፣ ጻፉት።